አደራ ተቀባዩ ማን ነው?

«ቆጥቡ» የሚለውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። መካሪዎቻችን ግን የቆጠብነውን የት እንደምናስቀምጥ ብዙ ጊዜ አይነግሩንም። ለመሆኑ ድኻን «ቆጥብ» ብሎ የሚመክር ሰው ለተቆጠበው ገንዘብ ደኅንነት ኃላፊነት አለበትን? በእኛ አስተያየት አለበት። ይህንንም የእንግሊዝ የፖስታ ቤት ቁጠባ ባንክ ታሪክ ያስረዳናል።

እ.ኤ.አ. በ1810 ሄንሪ ዳንከን የተባለ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በሩትዌል መንደር ለድኾች የቁጠባ ባንክ ከፈተ። የእርሱን አርአያ በመከተል በየከተማው ብዙ ባንኮች ተቋቋሙ፤ የበላይ ጠባቂዎቻቸውም የተከበሩ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን መከበር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ1849 የሮችዴል ቁጠባ ባንክ የሒሳብ ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ሃዎርዝ ሲሞት ከ70,000 ፓውንድ በላይ ጎድሎ ተገኘ። ሕጉ የበላይ ጠባቂዎቹን ብዙም ተጠያቂ ስለማያደርግ፣ ላባቸውን አፍስሰው ያስቀመጡት ሰዎች ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ ሳያገኙ ቀሩ። መካሪው ብዙ ነበር፤ አደራ ጠባቂው ግን ጠፋ።

ቻርልስ ሳይክስ የተባለ የሀደርስፊልድ ከተማ የባንክ ሰው በ1859 ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለዊልያም ግላድስተን አንድ ሐሳብ ጻፈ። ፖስታ ቤት በየመንደሩ አለ፤ ሐዋላም ይልካል፤ ታዲያ ቁጠባስ ለምን አይቀበልም? ሐሳቡ በ1861 ሕግ ሆኖ ወጣና በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሥራው ተጀመረ። አንድ ሽልንግ ያለው ሰው ደብተር ማውጣት ይችል ነበር። በዓመት ከ30 ፓውንድ በላይ ማስቀመጥ ግን አይፈቀድም፤ ባንኩ የተቋቋመው ለሀብታም አልነበረምና። በ1880 ደግሞ ዐይነ ስውሩ የፖስታ ሚኒስትር ሄንሪ ፎሴት ሽልንግ ለሌለው ሰው ሌላ ዘዴ አመጣ። ይኸውም የአንድ ፔኒ ቴምብር እየገዛ በወረቀት ላይ ይለጥፋል፤ 12 ሲሞላ በደብተሩ ይመዘገብለታል።

ወለዱ 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። የቀድሞዎቹ ባንኮች እስከ 3 በመቶ ገደማ ይከፍሉ ስለ ነበር ያነሰ ነው። ሆኖም ሕዝቡ ወደ ፖስታ ቤት ጎረፈ፤ ለገንዘቡ ዋስ የሆነው መንግሥት ነበርና። «ድኻ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። መንግሥት የተቀመጠውን ገንዘብ ለራሱ ጉዳይ ይጠቀምበት ነበር፤ ግላድስተንም ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። አደራን መንካት አይደለምን? ነገሩ በስውር ሳይሆን በሕግ በግልጽ ስለ ተደረገ፣ ገንዘቡም በተጠየቀ ጊዜ ስለሚመለስ፣ በዚህ በኩል በደል አላየንበትም።

የሚያስቸግረን ሌላው ነው። ያ 2.5 በመቶ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆየ። በ1914 ጦርነት ተነሥቶ እስከ 1920 ድረስ የዕቃ ዋጋ በእንግሊዝ ከእጥፍ በላይ ናረ። በ1914 አሥር ፓውንድ አስቀምጦ በ1920 ያወጣ ሠራተኛ አሥሩን ፓውንድ ከነወለዱ ተቀበለ፤ ነገር ግን ከበፊቱ ግማሽ የሚያህል ዕቃ እንኳ አልገዛለትም። ደብተሩ ላይ አንዲት ፔኒ አልጎደለችም። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ «አደራው ተመልሷል» ይላሉ፤ ሌሎቻችን ግን የተመለሰው ቍጥሩ ብቻ ነው እንላለን።