ቅድስና በአጥር ይወሰናልን?



መንገድ ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን መንገደኛ ሁሉ ተማሪ አይደለም። አስተውሎ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ብዙ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፤ ሳያስተውል የሚሄድ ግን አገር አቋርጦ ባዶውን ይገባል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት ሜዳውና ተዳፋቱ ታርሶ ያያል። ከእርሻው የተረፈውን ባሕር ዛፍ ይዞታል። በዚህ መካከል ግን እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያሉ ትንንሽ ደኖች ይታያሉ። ቀረብ ሲሉ ከደኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው በዚያ ተጠግቶ ይኖራል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። በአጥሩ ውስጥ ያለውን ዛፍ ያከበረውና ከአጥሩ ውጭ ያለውን የቆረጠው ያው አንዱ ሕዝብ ነው። ታዲያ ቅድስና በአጥር ይወሰናልን?

በመጀመሪያ አባቶቻችን የሠሩትን እናመስግን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ይህን ያቆየው ዘበኛ ወይም መቀጮ ብቻ አይደለም፤ የዛፉ ጥላ የቤተ መቅደሱ ልብስ ነው የሚለው እምነት ነው። ይሁን እንጂ ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቶናል። ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ቢታዩም ችግኙ ይረገጣል፣ ይበላልም። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት ልጅ የሌለበት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ በአጥሩ ውስጥ ያለውም ቢሆን በስም ብቻ ተከብሮ ሊያልቅ ይችላል።

ከአጥሩ ውጭ ያለውን ለማወቅ ደግሞ ቀና ብለን ጉናን እንመልከት። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ዐባይ ይወጣል። በላዩ ያለው ጓሳና አስታ የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጮቹ ይለቃል። ነገር ግን የገብሱና የድንቹ እርሻ ዳገቱን እየወጣ፣ ግጦሹም እየበዛ ሲሄድ ውሃው የሚይዘውን ያጣል፤ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፣ በበጋም ምንጩ ይመነምናል። አፈሩም ከማዳበሪያው ጋር ታጥቦ ጣና ይደርሳል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እንቦጭ የሚደልበው በዚሁ ዓይነት ምግብ ነው። የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል።

በዚህ ሁሉ አንድ የሥነ ምግባር ቁም ነገር ይገኛል። የጉና ገበሬና የጣና ዓሣ አስጋሪ ተያይተው አያውቁም፤ ሆኖም ውሃው ባልንጀሮች አድርጓቸዋል። ባልንጀራህ ማን ነው ለሚለው የቆየ ጥያቄ፣ ከአንተ በታች ካለው ወንዝ የሚጠጣው ሁሉ ነው ብለን ብንመልስ የተሳሳትን አይመስለንም።

ዘመናዊ ኑሮ ይህን ባልንጀርነት ከዓይናችን ይሰውርብናል። ቀድሞ እንጨት ለቅማ የምታነድ እናት ጫካው ሲሳሳ በዓይኗ ታይ ነበር። ዛሬ ከሰል የሚገዛ ሰው የሚያየው ማዳበሪያውን ብቻ ነው፤ ዛፉ የት እንደ ነበረ አያውቅም። እጅ ከሠራው ሥራ በራቀ መጠን ኅሊናም ይደነዝዛል። ዘመናዊነት በራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተው በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ አድርሰውታል። ነገር ግን ብረት ቢሰበር እንደገና ይቀልጣል፤ የደረቀ ምንጭ በምድጃ አይሠራም።

አንዳንዶች፣ ድኻው ምን ይብላ? ምንስ ያንድድ? ይሉናል። ጥያቄው ትክክል ነው። መሬቱ በውርስ እየተከፋፈለ ያነሰበት ሰው ዳገት ቢያርስ በክፋት አይደለም። ድንቹ ከተማ ወርዶ ይበላል፣ ከሰሉም ከተማ ወርዶ ይነዳል፤ ስለዚህ ዕዳው የገበሬው ብቻ ሊሆን አይገባም። ባሕር ዛፍም ቢሆን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ለስንቱ ቤት ማገርና ለስንቱ ልጅ ደብተር ሆኗል። ጥፋቱ መተከሉ ሳይሆን ምንጭ አጠገብ መተከሉ ነው። እርሻን ሁሉ ይቅር የሚል ስብከት የራበውን አያጠግብም፤ የት ይታረስ፣ የት ይቆይ ብሎ አብሮ መምከር ግን ይቻላል። አዳምም በገነት ሲኖር ማረስም መጠበቅም በአንድነት ተሰጥተውት ነበር እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲተው አልተነገረውም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከተማችን ስሟን የወሰደችበት የታቦር ተራራ ራሱ መልስ አለው። ጴጥሮስ ብርሃኑን ባየ ጊዜ በዚያ ሦስት ዳስ ሠርቶ ሊቀመጥ ወደደ፤ ቅድስናን በዳስ ሊከልል አሰበ። ጌታ ግን ከተራራው ወረደ። ከሥርም የታመመ ልጁን ይዞ የሚጠብቅ አባት ነበረ። ብርሃኑ በተራራ ላይ ቢታይም ሥራው በሜዳ ነበረ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን አጥርም እንዲሁ የቅድስና ድንበር ሳይሆን የዘር ጎተራ መዝጊያ ነው። ጎተራ የሚዘጋው ዘሩ በጊዜው ወጥቶ እንዲዘራ ነው።

በአንዳንድ የደቡብ ጎንደር አጥቢያዎች ምእመናን ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ማሳው ጠራ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ፤ በአንድ ድካም ሁለት በረከት ተገኘ። እኛም ወጣቶች ከዚህ እንማር። በቅጽራችን ካሉት ከወይራውና ከኮሶው ዘር ለቅመን እናፍላ፤ ችግኙንም በየምንጩ ራስና በየገደሉ አፋፍ እንትከል። መትከል የአንድ ቀን ዘፈን ነው፤ ሁለትና ሦስት በጋ ውሃ እያጠጡ፣ ከከብት እየከለከሉ ማሳደግ ግን ጾም እንደ መጾም ትዕግሥት ይጠይቃል። ጫማ አውልቀን የምንገባበት ምድር፣ ጫማ አድርገን ከምንወጣበት ምድር ጋር አንድ አፈር መሆኑን አንርሳ።