የሸማኔው ደጃፍ

በአንድ የገበያ ከተማ እጁ የተመሰከረለት ሸማኔ ነበር። ጋቢው ታጥቦ አይሳሳም፤ የነጠላው ጥለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝንፍ አይልም። ለብሳ የወጣችውን ሴት «ማን ሠራልሽ?» ሲሏት «ዋርካው ሥር ያለው ሸማኔ» ትላለች። ዋርካውን የማያውቅ ስላልነበረ ሌላ አድራሻ አላስፈለገውም።

አንድ ዓመት መንገዱ ሲሰፋ ዋርካው ተቆረጠ። ሸማኔው ሸማውን ጠቅልሎ ወደ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ግቢ ሄደ። ነጋዴው ሰፊ አዳራሽ ሠርቶ ለሻጭ ሁሉ ከፍቶት ነበር። «ግባ፣ ኪራይ አልጠይቅህም» አለው። አዳራሹ ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ይጨናነቃልና የሸማኔው ሥራ ደራ። ውሎ አድሮ ግን ነጋዴው በር አጠገብ መቀመጥ ለሚፈልግ ዋጋ አወጣ። ያልከፈለው ወደ ጥግ ተገፋ። ከዕለታት አንድ ቀን ደግሞ ሻጮቹ ሲመጡ በሩ ተቆልፎ አገኙት። ለምን እንደተቆለፈ፣ መቼ እንደሚከፈትም የነገራቸው የለም።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ጋቢ ሊገዙ ከሩቅ አገር መጡ። «ዋርካው ሥር የነበረው ሸማኔ የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ አንድ አጭበርባሪ ሰማና «እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ ቀረበ። የሸጠላቸው ጋቢ በሁለተኛው እጥበት ወንፊት ሆነ። ሴትዮዋ በየደረሱበት የሸማኔውን ስም እያነሡ ረገሙ። እርግማኑ ዞሮ ዞሮ ሸማኔው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ ጆሮው ደረሰ። ከገበያው መቅረት ይልቅ ይህ አንገበገበው።

ሚስቱ ፈታይ ናት። ያን ቀን ማታ እንዲህ አለችው፦ «እስካሁን ሰው ያገኘን በሰው ዛፍና በሰው በር ነው። የራሳችን ደጃፍ የት አለ?»

ከወንዙ ማዶ ትንሽ መሬት ገዝተው አንዲት ክፍል ሠሩ። በሩ ላይ ስሙን አስጻፉ። ከእያንዳንዱ ሥራ አንዳንድ ናሙና በመስኮቱ በኩል እንዲታይ ሰቀሉና ከየናሙናው ሥር ዋጋውን፣ የክሩን ዓይነትና ተሠርቶ የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ። ሚስቱ «አንተ ባትኖርም ግድግዳው ይመልስላቸው» አለች።

በመጀመሪያው ወር ከጎረቤት በቀር የመጣ አልነበረም። ሸማኔው «ደከምን እንጂ ምን አተረፍን?» ቢላት «ቤት ሰው አይጠራም። ጠሪው አንተ ነህ» አለችው። ስለዚህ አዳራሹ በተከፈተ ቁጥር እንደ ወትሮው ይሄዳል፤ ለገዛውም ላልገዛውም ግን «ቤቴ ወንዙን ተሻግሮ ነው፣ ስሜ በሩ ላይ አለ» ይላል። ቀስ በቀስ ሰው መንገዱን ለመደው። ሌሊት የሚጓዙ ነጋዴዎች እንኳ ሚስቱ ለኩሳ በተወችው ኩራዝ ናሙናውን አይተው፣ ዋጋውን አንብበው፣ ትእዛዛቸውን ጽፈው በበሩ ሥር ያስገቡ ጀመር።

እኚያ እናትም ሊወቅሱት መጡ። በሩ ላይ ስሙን አነበቡ፤ ናሙናውን ዳሰሱና ከያዙት ጋቢ ጋር አስተያዩት። ያታለላቸው ሌላ ሰው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። አዲስ ጋቢ አዘው በተጻፈው ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉ። አዳራሹ ዳግመኛ የተዘጋ ዕለት ሸማኔው ወሬውን የሰማው ሥራው ላይ እንደተቀመጠ፣ ከደንበኛ አፍ ነው።

ምሳሌው ሽሮ ሜዳ ለሚሸምነውም፣ ቤቷ ሆና ሽሮና በርበሬ ለምታዘጋጀውም ነው። ዋርካው «ከባንኩ ጎን፣ ከካፌው ፊት ለፊት» እያልን የምንናገረው አድራሻ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እንዲህ ያለው ምልክት ብዙው አብሮ ሄዷል።

አዳራሹ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያገናኙ ልንተዋቸው አይገባም፤ በራቸው ግን በእጃችን አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በራሳቸው ብልሽት በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋርጠዋል። በአገራችን ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ በእነዚያ ወራት ዕቃውን የሚያሳይበት ቦታ አላጣም።

ደጃፉ ድረ ገጹ ነው። ዋሽንግተን ያለች እናት ከሥራ ገብታ ለልጇ ክርስትና የሐበሻ ቀሚስ ስትፈልግ አዲስ አበባ ሌሊት ነው። ዋጋው፣ ልኩ፣ የሚፈጀው ቀንና የመላኪያው ሂሳብ ተጽፎ ካገኘች ግን ማንንም ሳትቀሰቅስ ታዛለች። ፎቶዎን ሰርቆ በስምዎ የሚሸጥ ቢነሣም ገዢው እውነተኛውን የሚያጣራበት ቦታ ይኖረዋል።

ለጀማሪ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና በየትኛው ስልክ እንደሚገኙ። የድረ ገጹን ስም፣ ዶት ኮም ይሁን ዶት ኢቲ፣ በራስዎ ስም ያስመዝግቡ፤ የይለፍ ቃሉም በእጅዎ ይሁን። ሁለቱም በሠራልዎ ልጅ እጅ ከቀሩ ተመልሰው ሰው ግቢ ገብተዋል ማለት ነው። ክፍያው በየዓመቱ ስለሚታደስ ቀኑን አይርሱ። ዋጋ ሲለወጥ ገጹ ላይም ይለውጡት፤ በአሮጌ ዋጋ አዝዞ የተከራከረ ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም። አድራሻውን በደረሰኙም፣ በመጠቅለያውም፣ በቴሌግራም ቻናሉም ላይ ይጻፉ። ጥሩ ሠርቶ መታጣት ለሠሪውም ለፈላጊውም ኪሳራ ነው፤ ይህን ኪሳራ ማስቀረት ደግሞ ዛሬ የትንሽ ነጋዴም አቅም ይፈቅዳል።