ለሹመት የሚወዳደሩ ሰዎች እንዴት ይመዘናሉ

አንባቢ ሆይ፥ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሲመዘን ቃሉ ብቻ ሳይሆን በተናገረበት ጊዜ የነበረበት ስፍራም ሊታይ ይገባል። በአሜሪካ በዲሞክራቶች ወገን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008፥ ለእጩነት የተፎካከሩትን ባራክ ኦባማንና ሂላሪ ክሊንተንን እንመልከት። በ2002 የኢራቅ ጦርነት እንዲፈቀድ ወይዘሮ ክሊንተን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ድምፃቸውን ሰጡ፤ አቶ ኦባማ ግን በሺካጎ አደባባይ ተቃወሙ። መልካም አደረጉ፤ ነገር ግን የዚያ ምክር ቤት አባል አልነበሩምና ድምፅ አልተጠየቁም። በሐምሌ 2008 ደግሞ ያለ ዳኛ ፈቃድ በተደረገው ስለላ መንግሥትን የረዱትን የስልክ ኩባንያዎች ከክስ የሚያድን ሕግ ቀረበ። እንዲህ ያለው ሕግ እንዲታገድ እንደሚረዱ ቀድሞ ያስታወቁት አቶ ኦባማ፥ እጩነቱ በእጃቸው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፥ ደገፉት፤ ከውድድሩ የወጡት ወይዘሮ ክሊንተን ተቃወሙት። በእኔ ሚዛን የጦርነቱ ድምፅ ይከብዳል፤ ሕግ ይሻራልና፥ በጦር የወደቀው ግን ወደ ቤቱ አይመለስም። ወይዘሮይቱስ እጩነቱን አግኝተው ቢሆን ኖሮ ያን ሕግ ይቃወሙ ነበርን? እጠራጠራለሁ።