ውለታና አደራ

ውለታና አደራ የተባሉት ሁለት ቃላት በአገራችን ሰው ዘንድ እጅግ የተከበሩ ናቸው። ውለታ መላሽ የተባለ ሰው በሠርግም በለቅሶም ስሙ በደኅና ይነሣል፤ ውለታ ቢስ የተባለ ግን ከጎረቤቱ ጋራ ቡና ለመጠጣት እንኳ ያፍራል። አደራም እንደዚሁ ነው። አደራ ጠባቂ ያልተማረ ቢሆን ይታመናል፤ አደራ በላ ሊቅም ቢሆን አይታመንም። ልጆቻችንን ስናሳድግ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አድርገን እናስተምራቸዋለን፤ ሁለቱ አንድ ቀን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተጣልተው አንዱ ሌላውን ሊያስወጣው እንደሚችል ግን አንነግራቸውም። የዛሬው ነገሬ ስለዚህ ጠብ ነው።

በግል ኑሮ ጠቡ እምብዛም አይታይም። ያሳደገኝን አጎቴን ብጦር፥ በክፉ ቀን ላበደረኝ ጎረቤት በደጉ ቀን ብደርስለት፥ የከፈልሁት ከራሴ ስለ ሆነ ማንንም አልጎዳሁም። ያው ሰው የሕዝብ መሪ የሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። በመሪ እጅ ያለው ሥልጣን የራሱ ገንዘብ አይደለም፤ ከብዙ ሰዎች በአደራ የተቀበለው ነው። እንግዲህ ወደ ሥልጣን ሲወጣ መሰላሉን ለያዘለት ሰው ውለታውን ልመልስ ቢል በምን ይመልሳል? የራሱ ኪስ አይበቃውም፤ ከአደራው ላይ ቈንጥሮ ይሰጣል። በግል ሰውነቱ ያስመሰግነው የነበረው ጠባይ በመሪነቱ አደራ በላ ያደርገዋል ማለት ነው።

ስለ ጉቦ የምናገር እንዳይመስል። ጉቦ በስውር የሚሰጥ፥ ሰጪውም ተቀባዩም የሚያፍሩበት ነገር ስለ ሆነ ክርክር አያሻውም። አስቸጋሪው በቀን፥ በአደባባይ፥ በጭብጨባ የሚሰጠው እርዳታ ነው። የፖለቲካ ፓርቲ ጽሑፍ ያሳትማል፥ አዳራሽ ይከራያል፥ መኪና ያሰማራል፥ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ይህም ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። የአባሎቹ መዋጮ ያልበቃው ፓርቲ ከነጋዴው ደጅ ወይም ከሠራተኞች ማኅበር ደጅ መቆሙ አይቀርም።

በዚህ ረገድ አውስትራልያ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1891 የበግ ጠጉር ሸላቾች ሥራ አቁመው ከተሸነፉ በኋላ፥ የሠራተኛ ማኅበራት በሥራ ማቆም ያጡትን በምክር ቤት ለማግኘት ሲሉ የሌበር ፓርቲ እንዲቆም አደረጉ። ስለዚህ በዚያ ማኅበሩ አባት፥ ፓርቲው ልጅ ነው። ከ1969 ጀምሮ የማኅበራቱ ጠቅላይ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ቦብ ሆክ በ1983 የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ባለ ሀብቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በማዕድን ኩባንያዎች ትርፍ ላይ አዲስ ግብር ለመጣል ማሰባቸውን ባስታወቁ ጊዜ፥ ኩባንያዎቹ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ብርቱ ዘመቻ ከፈቱ፤ ሁለት ወርም ሳይሞላ ራድ በገዛ ፓርቲያቸው ከመሪነት ወረዱ። የወረዱበት ምክንያት ይህ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን ተተኪያቸው ጁልያ ጊላርድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሦስት ታላላቅ ኩባንያዎች ጋራ ተስማምተው ግብሩን ማቅለላቸውን ያየ ሰው፥ ማን ማንን እንደሚፈራ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ አንድ ነገራቸው ያስቀናኛል። ቀዳዳው ብዙ ቢሆንም፥ ለፓርቲ የሚሰጥ ከፍ ያለ ስጦታ ተመዝግቦ ለሕዝብ እንዲገለጥ ሕግ አላቸው። የማን ውለታ በማን ላይ እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

በአገራችን ነገሩ የመጣው በተገላቢጦሽ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም በአገሩ አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ስለዚህ ማኅበሩ ቢወድስ ለማን ውለታ ይውል ነበር? በየካቲት መጨረሻ 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ የሥራ ማቆም ባደረገ ጊዜ ጕልበቱ ታየ። የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ብሎ መናገሩ ግን ከደርግ ጋራ አጣላው፤ መሪዎቹ ታሰሩ፥ እርሱም በ1968 ዓ.ም. ፈረሰ። በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር የሚባል ሌላ ተተካ። ከዚያ በኋላ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ተመሠረተ፤ ስሙ የሠራተኞች ይሁን እንጂ ዋና ጸሐፊውና ከመሪዎቹም ብዙዎቹ ወታደሮች ነበሩ። አውስትራልያ ውስጥ ማኅበር ፓርቲን ወለደ፤ እኛ ዘንድ መንግሥት ማኅበርን ወለደ፥ ቆይቶም ለራሱ ፓርቲ የሠራተኛን ስም አወጣለት። ልጅ ደግሞ አባቱን ይታዘዛል እንጂ አይቈጣጠርም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የነጋዴውም ነገር እንዲሁ ተገለበጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ትእምት፥ በአማራ ክልል ጥረት የሚባሉት ድርጅቶች ቆሙ። ኢንዶውመንት ስለ ተባሉ በሕግ የፓርቲ ሀብት አልነበሩም፤ በቦርዳቸው የተቀመጡት ግን የፓርቲው መሪዎች ነበሩ። የ2000 ዓ.ም. የፓርቲዎች ምዝገባ አዋጅ ፓርቲ በንግድ ሥራ እንዳይሰማራ ሲከለክል እነዚህ በዚያው ቀጠሉ። ለእነርሱ የሚከራከረው ሰው የሚያቀርበው ምክንያት ሲሰሙት መልካም ነው። ከነጋዴ እጅ የሚጠብቅ ፓርቲ የነጋዴ ባሪያ ይሆናል፤ በሚያምነው ድርጅት የሚደገፍ ግን ለማንም ውለታ አይገባም ይላል። እኔም በወጣትነቴ ይህን አምን ነበር። ኋላ ግን ወደ ገበያው ዞር ብዬ ሳስብ ሌላ ነገር ታየኝ። ሁለት መኪና ያለው ሰው ከፓርቲው መሪዎች የትራንስፖርት ድርጅት ጋራ ለአንድ ጭነት ሲወዳደር፥ በደልሁ ቢል አቤቱታውን የሚሰማው ማን ነው? ፓርቲው ከነጋዴው ውለታ ያመለጠው ራሱ ነጋዴ በመሆን ከሆነ፥ ዳኛውና ተሟጋቹ አንድ ሰው ሆነዋል። የጥረት ሁለት የቀድሞ መሪዎች በ2012 ዓ.ም. የእስራት ፍርድ ተፈርዶባቸዋል፤ እኔ የማነሣው ግን የሰዎችን ጥፋት አይደለም። በዚያ ወንበር መልአክ ቢቀመጥበት እንኳ ወንበሩ ራሱ ጠማማ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይህ ስለ ፓርቲ ሳይሆን ስለ ከተማ ልማት ስለ ነበረ በጥንቃቄ እናገረዋለሁ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት በተደረገው ገበታ ለሸገር አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ገንዘቡ ለሁሉም ክፍት ለሚሆኑ መናፈሻዎች ነበረና ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን በጥንቱ ግብር የሚያበላው ንጉሥ ነበር፤ በላተኛውም ባለዕዳ ሆኖ ይወጣ ነበር። በበላበት ይጮኻል የሚባለው ስለዚህ ነው። በአዲሱ ገበታ ግን ዋጋውን የከፈለው በላተኛው ነው፤ እንግዲህ ባለዕዳ ሆኖ የተነሣው ማን ነው? ከተጋበዙት ብዙዎቹ ምንም ሳይፈልጉ ሰጥተው ይሆናል። ጥያቄው ግን ስለ ሰጪው ልብ ሳይሆን ስለ ተቀባዩ ነው።

የዳኝነት ልማድ ለዚህ አንድ መፍትሔ ያውቃል፤ ዘመዱ ወይም ባለውለታው የተከሰሰ ዳኛ ከችሎት ይነሣል። መሪ ግን ከየትኛው ችሎት ይነሣል? ስለ ግብር፥ ስለ መሬት፥ ስለ ደመወዝ የሚቈርጠው ሁሉ ባለውለታዎቹን የሚነካ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ወለሉ እንዲወሰን ደጋግሞ ጠይቋል፥ በ2015 ዓ.ም. የሠራተኞችን ቀን በሰልፍ ሊያከብር ቢነሣም ተከልክያለሁ ሲል አስታውቋል። አሠሪው መቼ ሰልፍ ወጥቶ ያውቃል? አያስፈልገውም፤ በሌላ በር ይገባል። (እኔ ራሴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆንሁ ያ አዋጅ አያውቀኝም፤ ስለዚህ ለራሴ እንደማልከራከር አንባቢ ይረዳልኝ።)

ሆኖም ሠራተኛው ማኅበር አለው፥ ነጋዴውም ገንዘብ አለው። እስካሁን ስሙ ያልተጠራው ሁለቱም የሌለው ሰው ነው፤ እርሱን የማውቀው ፎገራ ላይ ነው።

ከአዲስ ዘመን በላይ ካለው ከጣራ ገዳም ደን ወጥቶ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ዱሮ በላሙ ይታወቅ የነበረው ይህ ሜዳ፥ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት ሩዝ ከገባበት ወዲህ መልኩ ተለውጧል፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያና የሩዝ ገበያ ከተማ ሆናለች። አንድ ዓመት ገዳሙን ተሳልሜ ስመለስ ወረታ ላይ መኪና ስጠብቅ፥ ከአንድ መፈልፈያ ደጅ ጆንያቸውን ተደግፈው ከተቀመጡ ሽማግሌ ጋራ ተጫወትሁ። ጊዜው የመኸር ስለ ነበረ ዋጋው ዝቅ ብሎ ነበር።

«አባቴ፥ ዋጋው እስኪነሣ ጥቂት ቢያቆዩት አይሻልም?» አልኋቸው።

«የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ያቆያል እንዴ፥ ልጄ? የሚያቆየውስ ገዝቶ የሚያከማቸው ነው።»

ዩኒየኑ አይረዳችሁም ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ በዚያ አገር ዩኒየን ሲባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር አይደለም። እጃቸውን አወዛውዘው ሌላ ነገር አነሡ። እኔም የተማርሁትን ይዤ፥ የመረጡት ሰው በምክር ቤት ስለ እርስዎ መናገር ይገባዋል አልኋቸው።

«እኔ ለእርሱ ምን ውየለት ነው የሚያስበኝ?»

«ድምፅዎን ሰጥተውታል እኮ።»

«ድምፁንማ ሁሉም ሰጠ» አሉ፤ «ሁሉም የሰጠውን ማን ውለታ ብሎ ይቈጥረዋል?»

መፈልፈያው ተነሥቶ ጩኸቱ አላሰማማን አለ። ተራቸው ደርሶ ነበርና ጆንያውን በአንድ ወገን ይዤ እስከ ሚዛኑ ድረስ አገዝኋቸው።