ድሮ እርግጫ ነበር

አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ገና ልጅ ናት፤ ስኒ ስታነሳ አመለጣትና ተሰበረ። አንዲት እንግዳ ሴትዮ አፏን ሞልታ ሰደበቻት። ስድቡ ስለ ስኒው አልነበረም፤ ስለ አገሯና ስለ እናቷ ነበር። እኔ ሽምቅቅ አልኩ። ቀና ስል የአክስቴ ልጅም ፊቷን አኮማትራለች። ተያየን። ልጅቷ ስብርባሪውን ለቅማ ወጣች። ቡናው ቀጠለ።

ማታ ስተኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢያንስ ተሸማቅቄያለሁ አይደል?

ይህን ደስታ ያበላሸብኝ በኋላ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ያገኘሁት አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ነው፦ «ዊንስ»። ዛሬ ትርጉሙ ሕመም ወይም እፍረት ሲነካን ፊትን ማኮማተር፣ ለቅጽበት ሸሸት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ ከኖርማኖች ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን የፈረስ ቃል ነበር፤ መራገጥ ማለት ነበር። የፈረንሳይኛው ቃል ራሱ «ዞር ማለት፣ ገለል ማለት» ነው፤ ጥቅሻ ማለት የሆነው «ዊንክ»ም የሩቅ ዘመዱ ነው። ሼክስፒር በ1600 ገደማ በጻፈው «ሐምሌት» ውስጥም ቃሉ የመጣው ከገጣባ ፈረስ ጋር ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚራገጠው ቁስሉ የተነካበት ነው፣ ደህና ጀርባ ምንም አይሰማውም። ከዘመናት በኋላ እግሩ ቀረና ፊቱ ብቻ ተረፈ።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። አክስቴ ቤት ቁስሉ የማን ነበር? የልጅቷ። የተሸማቀቅኩት ግን እኔ ነኝ። እሷ ፊቷን እንኳ አላኮማተረችም፤ ብታኮማትር «ደግሞ ታኮርፋለች!» ተብሎ ሌላ ስድብ ይጨመርላት ነበር። ደሞዟም ማደሪያዋም እዚያው ቤት ነው። መራገጥ የምችለው ጀርባዬ ደህና የሆነው እኔ ነበርኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ይሉኝታ። ሴትዮዋ ታላቄ ናት፣ እንግዳ ናት፣ ቤቱም የአክስቴ ነው። ይሉኝታን አልንቅም፤ ብዙ ክፉ ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ያደረገ እሱ ነው። ያን ቀን ግን ይሉኝታዬ በሙሉ ለሰዳቢዋ ሆነ፤ ለተሰደበችው ምንም አልተረፈም።

መሸማቀቅ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቶ ምንም የማይሰማው ሰው ያስፈራኛል። ግን መሸማቀቅ ሳንወስን የሚመጣ ነገር ነው፣ እንደ ማስነጠስ። በማስነጠሱ የሚመሰገን ሰው የለም። ምስጋናም ወቀሳም የሚጀምረው ከዚያ ቀጥላ ባለችው ሰከንድ ነው። እኔ ያቺን ሰከንድ የአክስቴን ልጅ በማየት ጨረስኳት። በዓይናችን «እኛ እንኳን እንዲህ አይደለንም» ተባባልን። ልጅቷ አጎንብሳ ስለነበር አላየችንም።

እርግጫው ትልቅ መሆን አልነበረበትም። «እትዬ፣ ስኒ ነው እኮ፣ ይተዉት» ማለት ይበቃ ነበር። እሱም ቢከብደኝ፣ ጎንበስ ብዬ ስብርባሪውን አብሬያት መልቀም እችል ነበር።

አሁን አክስቴ ቤት ቡና የምታፈላው ሌላ ልጅ ናት። ያቺኛዋ የት እንደሄደች ጠየቅኩ። የሚያውቅ አልነበረም።