ቀደር ወይስ የተዘጋ በር?

ባለፈው ክረምት ለተዕዚያ ዳንግላ ሄጄ ነበር። ሟቿ ገና ትዳር የያዘች ወጣት ናት። ባለቤቷ ለንግድ መንገድ ወጥቶ ስለነበር ብቻዋን ነበረች። ሌሊት ብርዱ ሲጠናባት ከሰል የያዘውን ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍሏ አስገባች፤ በርና መስኮቱን ዘግታ ተኛች፤ በዚያው ቀረች።

ለቅሶ ቤቱ የገባ ሁሉ «የአላህ ቀደር ነው» እያለ ወላጆቿን ያጽናናል። እኔም ተራዬ ሲደርስ ይህንኑ አልኩ። ቃሉ ስህተት የለበትም። በቀደር ማመን ከስድስቱ የኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ልጁን የቀበረ አባት ከዚህ የተሻለ የሚይዘው ነገር የለውም። ይሁን እንጂ በዚያው ዕለት ማታ የደረሰብኝ ነገር ይህን ቃል መቼና ለማን እንደምንለው እንድጠይቅ አስገደደኝ።

ከዳንግላ ተነስቼ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ ሄድኩ፤ አክስቴ እዚያ ነው ያለችው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ግራና ቀኙ የዲከረንስ ደን፣ አስፋልቱ ዳር የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ መሆኑን ያውቃል። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ችግኙን ሲተክል በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራበታል፤ በአራት በአምስት ዓመት ደግሞ ቆርጦ ያከስለዋል። በዚህ ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ቢያበላሽም ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲጫን ኖሯል።

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የክረምት ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። እራት ተበልቶ፣ ዒሻእ ተሰግዶ ልተኛ ስል የአክስቴ ባል ማንደጃውን ይዘው ገቡ። «ቀልቷል፣ ጢስ የለውም፤ ሞቅ ይበልህ» አሉኝ። በክፍሉ ውስጥ ሦስት ልጆች ተኝተዋል። እኔ በዚያኑ ቀን ከሰል ከገደላት ሴት ለቅሶ የመጣሁ፣ የተማርኩ፣ ሌላውን በጽሑፍ የምመክር ሰው ነኝ። ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ተቀበልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ያከበረኝን ሰው ቤቱ ውስጥ ማሳፈር ከበደኝ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ራሴን የሚፈልጥ ሕመም ቀሰቀሰኝ። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳ ይዤ በሩን ከፈትኩና ማንደጃውን በጋቢዬ ጫፍ ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁ። ተመልሼ ልጆቹን ቀሰቀስኳቸው። ሁለቱ ነቁ። ትንሹ እስኪነቃ ድረስ ያለፈውን ጊዜ ግን አልረሳውም፤ ሁለት ደቂቃ ይሁን አሥር አላውቅም።

ያ ልጅ ባይነቃ ኖሮ በማግስቱ ሰው ተሰብስቦ «ቀደር ነው» ይል ነበር። እኔም ከአጽናኞቹ መካከል ተቀምጬ ይህንኑ እል ነበር። አባቱ ቢለው እምነት ነው። እኔ፣ እያወቅኩ ዝም ያልኩት፣ ብለው ግን ምንድን ነው?

ሳስበው ሁለት ነገሮች ተምታተውብናል። ቀደር ከሆነ በኋላ የሚያጽናና ነው፤ ከመሆኑ በፊት እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ፈቃድ አይሰጥም። ዑመር (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ሲወስኑ፣ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ተብለው ተጠይቀዋል። መልሳቸው የሚታወቅ ነው፤ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ ተናገሩ። በር መክፈትም ቀደር ነው ማለት ነው። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛ አንቀጽም ሙእሚንን በስህተት የገደለ ሰው አስቦ አላደረገውም ተብሎ በነጻ አይለቀቅም፤ ጉማና ከፋራ አለበት። የእኔ ዓይነቱ ዝምታ ከየትኛው እንደሚመደብ ለዑለሞች እተወዋለሁ። ነገሩ «ቀደር» በሚል አንድ ቃል እንደማይዘጋ ግን ግልጽ ነው።

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነቤተሰቡ በተቃጠለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳት ጠላት መሆኑን ነግረው ስትተኙ አጥፉት ብለው ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤተሰቡን እንዳታቃጥልም አስጠንቅቀዋል። ኢማም ነወዊ ይህን ሲያብራሩ በመስጊድ የሚሰቀል መብራት አደጋ የማያሰጋ ከሆነ ክልከላው አይነካውም ብለዋል፤ የተከለከለበት ምክንያት ስለሌለ ነው። ታዲያ ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ያለበት የመኝታ ቤት ከሰልስ?

«ቀልቷል፣ ጢስ የለውም» የሚለው አነጋገር ነው ሰው የሚጨርሰው። የሚገድለው የሚታየው ጢስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላ ከሰልም በብዛት ያወጣዋል። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በመጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ እግር አልታዘዝ ይላል፤ ሰውየው በሩን እያየ እንኳ መድረስ ያቅተዋል። የተኛው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ይሄዳል።

አያቶቻችን ያለ ጢስ መውጫ እንዴት ኖሩ የሚል ይኖራል። ቤታቸው ይተነፍስ ነበር። በአዊ ደጋ የቀርከሃው ግድግዳ ክፍተት አለው፤ ጢሱም በሣር ክዳኑ ውስጥ ሰርጎ እየወጣ ማገሩን ያደርቃል፣ ነቀዝ ይከላከላል። ዓይንና ሳንባ አልጎዳም ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ነው። ዛሬ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፣ ግድግዳው ተመርጓል፣ ከላይ ኮርኒስ ተወጥሯል፣ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ቤቱ ተለወጠ፤ እሳቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።

ጢስ መውጫ የሠራም ሠርቻለሁ ብሎ አይተኛ። ቧንቧው ከጣሪያው ጫፍ ከፍ ካላለ ነፋስ ጢሱን ይመልሰዋል። ቀርከሃ ወይም ሣር ከነካ ደግሞ ውሎ አድሮ ያነደዋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚማግድ ቤት ጥላሸቱ ቶሎ ይከመራል፤ ጥላሸት ራሱ ማገዶ ነውና አንድ ቀን ቧንቧው ውስጥ ይቀጣጠላል። ክረምት ሳይገባ መጥረግ ነው። እሳቱ ደግሞ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የቀርከሃ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች የሚጋሩት አጥሩን ብቻ አይደለም። ጢስ መውጫ ማሠራት ያልቻለ ቢያንስ ሲተኛ ማንደጃውን ያውጣ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሲነጋ ለአክስቴ ባል ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ እንግዳ በብርድ ይደር ኖሯል?» አሉኝ። ለጥያቄያቸው መልስ አላገኘሁም፤ የጠየቁት ከልባቸው ነበር።

አክስቴ ቡና እየቀዳች ታዳምጥ ነበር። ድንገት ጀበናውን አስቀመጠች። «ጎረቤታችን አራስ ናት፣ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ማታ ፍሙን ያቀበልኳት እኔ ነኝ» አለችና ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ተከተልናት።

አራሷ ደኅና ነበረች፤ ሕፃኑን ታጠባለች። ማንደጃው ከአልጋው ሥር ነው። አክስቴ ሰላምታ እንኳ ሳታቀርብ ጎንበስ ብላ አነሳችውና ወደ ደጅ ይዛው ወጣች።