ቆፍሮ ማግኘትና አግኝቶ መመስከር

አንባቢ ሆይ፤ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ የጥንት ዕቃ የማን ገንዘብ ነው? የአገር ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው የቅርስ አዋጅም በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያው ለባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዛል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ከቁፋሮው የተገኘው ዕውቀትስ የማን ነው?

ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ደጋ ቁልቁል፥ በይፋት በኩል ኖራ፥ አስበሪና መሳል የሚባሉ የጥንት እስላሞች ከተሞች ፍርስራሽ ይገኛል። የፈረንሳይ አገር ሊቃውንት ስለ ሦስቱ ከተሞች በ2006 በኤውሮፓ አቆጣጠር ጽፈው አሳተሙ። ከእነዚሁ ወገን ያሉትም በደጋው፥ ክርስቲያንም እስላምም ያልነበረ ሕዝብ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ሙታኑን ያኖረባቸውን የድንጋይ ክምር መቃብሮች መርምረው፥ የሻይ ባህል ብለው ሰይመው በ2012 በዚያው አቆጣጠር መጽሐፍ አወጡ።

ብራና ሲነበብ አያልቅም፤ ምድር ግን አንባቢዋ እያነበበ የሚያፈርሳት መጽሐፍ ናት። የተቆፈረ አፈር ወደ ቀድሞ አኳኋኑ አይመለስም። ገንቦው በስንት ክንድ ጥልቀት፥ ከድርብርቡ አፈር ከየትኛው፥ ከምን ከሰል አጠገብ እንደተገኘ ካልተጻፈ ገንቦ መሆኑ ብቻ ይቀራል፤ ዘመኑና ባለቤቱ ይጠፋሉ። አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያፈስሳል፤ ቆፋሪ ግን ሰሙን ሳይጽፍ ካቀለጠው ወርቁም ትርጓሜ የለው።

የጽሑፍን ጥቅም አክሱም ታስረዳናለች። በ1906 በኤውሮፓ አቆጣጠር የጀርመን ሊቃውንት ተዓካ ማርያም የሚባለውን የጥንት ቤተ መንግሥት መሠረት ለክተው ነደፉ፤ በ1913 አሳተሙት። ኋላ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራበት አብዛኛው ጠፋ። ዛሬ የሕንጻውን መልክ የምናውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።

አንዳንድ ሰው ግን፥ መግለጽ ሌባ መጥራት ነው ይላል። እውነት አለው፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ስፍራ ለጠባቂዎቹ ብቻ መንገር ይገባል። ስፍራን መሠወርና ምስክርነትን መቅበር ግን አንድ አይደሉም። ቆፍሮ ያገኘውን የማይጽፍ ሊቅ ከመቃብር ዘራፊ በምን ይለያል? ሌባው ዕቃውን ይወስዳል፤ እርሱ ደግሞ ነገሩን። ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ የሚጽፍም እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲፈልግ መስጊድ ቢያገኝ መስጊድ ብሎ ይጻፍ።

ደግሞም የኖራ ባላገር ፈረንሳይኛ አያነብም። በእርሻው ዳር የተገኘው ነገር በቋንቋው እስኪነገረው ድረስ ምስክርነቱ እኩሌታ ነው፤ ድንጋዩን ነቅሎ ካብ ቢሠራበትም ተወቃሹ እርሱ ብቻ አይደለም።